ስሙን መጻፍ የቻለ ይሰለፍ

በ1923 በብራዚሏ ሪዮ ዴ ጄኔሮ በእግር ኳስ አንደኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ሰው፣ ዳኛው ፊሽካ ከመንፋቱ በፊት የሚያልፈው አንድ ፈተና ነበረበት። የጨዋታው ወረቀት ይቀርብለታል፤ ብዕር ይሰጠዋል፤ እሱም ስሙን በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርማል። ትምህርት ቤት ለዋለ ሰው ይህ ከቁብ የማይቆጠር ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ለከረመ ሰው ግን ከተጋጣሚው ተከላካይ ይልቅ የምታስፈራው ያቺ ባዶ መስመር ነበረች። ቫስኮ ዳ ጋማ የተባለ ክለብ ብቅ ስላለበት የዚያ ዓመት ውድድር ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ አነባለሁ፤ ውጤቶቹን፣ የተጫዋቾቹን ስምና ከዚያ በኋላ የተነሳውን ክርክር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ያን ዘመን በዓይነ ሕሊናዬ ለማየት ስሞክር ሁልጊዜ ቀድማ የምትታየኝ ያቺ ባዶ መስመር ናት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እግር ኳስ ሪዮ ሲገባ የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነበር። በ1902 የፍሉሚኔንሴን ክለብ የመሠረተው ኦስካር ኮክስ የእንግሊዝ ዝርያ ያለው፣ ኳስንም ስዊዘርላንድ ሲማር የለመደ ወጣት ነው። ቦታፎጎን በ1904 የትምህርት ቤት ልጆች አቋቋሙት። የፍላሜንጎ የእግር ኳስ ቡድን ደግሞ ከፍሉሚኔንሴ ተቀይመው በወጡ ተጫዋቾች በ1911 ተመሠረተ። በእነዚህ ቡድኖች ማሊያ የሚለብሱት በአብዛኛው የሕክምናና የሕግ ተማሪዎች፣ የነጋዴና የባለሥልጣን ልጆች ነበሩ። ለጨዋታ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው፤ ደንቡ ሲነበብ የስፖርቱን ንጽሕና የሚጠብቅ ይመስላል፤ በተግባር ግን ጊዜና ስንቅ ያለው ብቻ እንዲጫወት የሚያደርግ አጥር ነበር። ከከተማው ራቅ ብሎ በሚገኘው የባንጉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክለብ ውስጥ ፍራንሲስኮ ካሬጋል የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ገና በ1905 ተሰልፏል። ሊጉ በ1907 ጥቁርና ክልስ ተጫዋቾች እንዳይመዘገቡ ሲወስን ባንጉ ውድድሩን ትቶ ወጣ። በ1914 አሜሪካ ከሚባለው የሪዮ ክለብ ወደ ፍሉሚኔንሴ የተዛወረው ክልሱ ካርሎስ አልቤርቶ ፊቱን የሩዝ ዱቄት ተቀብቶ ሜዳ ይገባ ነበር ተብሎ ይተረካል፤ የቀድሞ ክለቡ ደጋፊዎችም «የሩዝ ዱቄት!» እያሉ ይጮኹበት ነበር። ይህ ስም ዛሬም ድረስ የፍሉሚኔንሴ ደጋፊዎች መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በሜይ 13 ቀን 1888 ነው። እንግዲህ በ1923 የ60 ዓመት አዛውንት የነበረ ጥቁር ብራዚላዊ በባርነት ተወልዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ከአዛውንቱ ጎን ቆሞ ኳስ የሚያየው የልጅ ልጁ ደግሞ ነጻ ሰው ሆኖ ተወልዷል። ነገር ግን የ1891 ሕገ መንግሥት ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ድምፅ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር፤ ይህ ክልከላ የተነሳው በ1985 ነው። በቆዳ ቀለም ሳይሆን በፊደል መከልከል ለጆሮ የሚቀል ነገር ነው፤ ማንም ሰው ስለ ዘሩ ክፉ ቃል ሳይናገር ሥራው ይሠራለታል። የእግር ኳሱ ሊግ ተጫዋች በፊርማው ይለይ ሲል አገሪቱ በምርጫ ጣቢያ የምታደርገውን በሜዳ ደገመው።

ቫስኮ ዳ ጋማ የተባለው ክለብ የተወለደው በባሕር ዳር ነው። በ1898 የፖርቱጋል ስደተኞች የጀልባ ቀዘፋ ክለብ ሲያቋቁሙ፣ ወደ ሕንድ የባሕር መንገድ ለከፈተው መርከበኛ 400ኛ ዓመት መታሰቢያ ይሁን ብለው ስሙን ሰጡት። (የዚህ ቤተሰብ ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የመርከበኛው ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ከግራኝ አሕመድ ጋር ተዋግቶ በ1542 የሞተው በአገራችን ምድር ነው።) መሥራቾቹ ባለ ሱቆችና የሱቅ ሠራተኞች ነበሩ። በሪዮ የፖርቱጋል ስደተኛ በእንጨት ጫማውና በደረቅ ዓሣው የሚቀለድበት፣ በታታሪነቱም የሚቀናበት ሰው ነው። ክለቡ ገና በ1904 ካንዲዶ ጆዜ ዴ አራውጆ የተባለ ክልስ ሰው ሊቀ መንበሩ አድርጎ መምረጡን አስታውሳለሁ፤ በዚያ ዘመን ይህን ያደረገ ክለብ ማግኘት ቀላል አይደለም። ኳሱ ግን ዘግይቶ መጣ። ቡድኑ በ1916 በሦስተኛ ዲቪዚዮን ባደረገው የመጀመሪያ ይፋ ጨዋታ 10 ለ 1 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ታሪኩን የለወጠው፤ የሰዎቹን የቤተሰብ ስም ሳይጠይቅ በሰፈር ሜዳና በትንንሽ ክለቦች ጥሩ የሚጫወቱትን እየለቀመ አመጣ። በ1922 የሁለተኛ ዲቪዚዮንን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1923 ከትልልቆቹ ጋር ተቀላቀለ።

ግብ ጠባቂው ኔልሰን ዳ ኮንሴይሳኦ የታክሲ ሹፌር ነበር። ሴሲ የቤት ግድግዳ ቀለም ቀቢ፣ ኒኮሊኖ የወደብ ወዛደር፣ ቦላኦ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። እነዚህ አራቱ ጥቁሮች ናቸው። ከነጮቹ መካከልም ፊደል በቅጡ ያልቆጠሩ ነበሩ። ቡድኑን የሚመራው ኡራጓያዊው ራሞን ፕላቴሮ ሲሆን፣ የዚህን አሰልጣኝ ሥራ ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። በዚያን ጊዜ የሪዮ ትልልቅ ቡድኖች ተጫዋች ከትምህርቱ ወይም ከቢሮው ሲመለስ ጊዜ ካገኘ ይለማመዳል፤ ካላገኘ እሁድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ፕላቴሮ ግን ልጆቹን በአንድ ቦታ እያሳደረ፣ ምግባቸውን እየተቆጣጠረ፣ ጠዋት ጠዋት ከልምምድ ሜዳቸው ተነስተው ቪላ ኢዛቤል ሰፈር እስካለው አደባባይ ድረስ ደርሰው መልስ ያስሮጣቸው ነበር። ቫስኮ በመጀመሪያው አጋማሽ ተመርቶም ቢሆን በሁለተኛው አጋማሽ የሚያሸንፍ ቡድን ሆኖ የታወቀው በዚህ ሩጫ ነው። ተጋጣሚው ሲደክም እነሱ ገና ሰውነታቸው መሟሟቁ ነበር።

ያ አደባባይ ዛሬ የሚጠራው በባሮን ድሩሞንድ ስም ነው። ይህን ሳውቅ ፈገግ ብያለሁ፤ ምክንያቱም ከተጫዋቾቹ ኪስ ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለው። ባሮኑ ቪላ ኢዛቤልን የቆረቆረና የእንስሳት ማቆያ የነበረው ሰው ነው። በ1892 ጎብኚ እንዲበዛለት በየመግቢያ ትኬቱ ላይ የአንድ እንስሳ ሥዕል እያተመ የዕለቱ እንስሳ ለደረሰው ሽልማት መስጠት ጀመረ። ጨዋታው ከግቢው አልፎ ከተማውን አዳረሰ፤ 25ቱ እንስሳት እያንዳንዳቸው ቁጥር ኖሯቸው በየመንገዱ የሚቆረጥ የሎተሪ ዓይነት ሆነ። ውሻ 5 ቁጥር ነው፤ ጥንቸል 10፣ ተርኪ 20። የቫስኮ ባለ ሱቆች ለተጫዋች ገንዘብ መክፈል እንደማይፈቀድላቸው ስለሚያውቁ፣ ከድል በኋላ የሚሰጡትን ጉርሻ በእንስሳት ስም ይጠሩት ጀመር፤ «ዛሬ ውሻ አግኝቷል» ሲባል 5 ሚልሬይስ (የዚያን ዘመን የብራዚል ገንዘብ) ማለት ነው፤ ትልቁ ጉርሻ ደግሞ ላም ሲሆን 100 ነው። በብራዚል እስከ ዛሬ ድረስ ለተጫዋቾች የሚሰጠው የድል ጉርሻ «ቢሾ»፣ ማለትም እንስሳ ይባላል። ተጫዋቾቹ በወረቀት ላይ የሱቅ ሠራተኛ ሆነው ይመዘገባሉ፤ የሊጉ ሰዎች ሥራ ላይ መሆናቸውን ሊያጣሩ ሲመጡም ባለ ሱቁ የሚመልሰው መልስ አያጣም ነበር።

ቀሪው ፊርማው ነው። ክለቡ ፊደል ያልቆጠሩትን ተጫዋቾች አስተማሪ ፈልጎ ማንበብና መጻፍ አስጀመራቸው፤ ቢያንስ ስማቸውን ሳይሳሳቱ እንዲጽፉ። የቀኝ ክንፍ አጥቂው ፓስኮዋል የአባቱ ስም ቺኔሊ ነበር፤ ይህ ስም ለመጻፍ ስላስቸገረው ሲልቫ በሚለው፣ በብራዚል ከሁሉ በሚበዛው ስም እንዲለወጥለት ተደረገ ይባላል። ብዙዎች ይህን ሲተርኩ ይስቃሉ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አያቴ ለረጅም ዘመን የሚፈርሙት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ነበር፤ ከፈረሙ በኋላ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያሹታል፤ ቀለሙ ከለቀቀ በኋላም ማሸታቸውን አይተዉም። ኋላ በመሠረተ ትምህርት ስማቸውን መጻፍ ሲማሩ አምስቱን ፊደል በአንድ ትንፋሽ አይጨርሱትም ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አንስተው፣ ቤት ውስጥ ያለነውን አንድ በአንድ አይተው፣ እንደገና ያቀረቅራሉ። ፓስኮዋል በተመልካች ጩኸት መካከል፣ የተጋጣሚ ክለብ ሰዎች እጁን ትክ ብለው እያዩት ሲፈርም ምን እንደሚመስል የምገምተው ከዚያ ነው። የአባትን ስም ትቶ የሚቀለውን መጻፍ የስንፍና ነገር አይደለም፤ ሜዳ ለመግባት የተከፈለ ዋጋ ነው።

ውድድሩ የተጀመረው በኤፕሪል ነው። ቫስኮ በመጀመሪያ ጨዋታው ከአንዳራዪ ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ ልብ ያለው ሰው ብዙ አልነበረም። በኤፕሪል 29 ግን ፍላሜንጎን 3 ለ 1 ረታ፤ ዛሬ በብራዚል ከሚታወቁት ትልልቅ ደርቢዎች አንዱ የተጀመረው በዚያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ማሸነፍ ልማድ ሆነ። ጥቁር ማሊያ፣ ደረቱ ላይ መስቀል ያለበት ማሊያ ለብሰው ስለሚገቡ «ጥቁር ማሊያዎቹ» ተባሉ። በየእሁዱ ከከተማው ዳርቻ የሚመጣው ሕዝብ እየበዛ ሄደ፤ ከዚህ ቀደም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያይ የነበረ ሰው ቲኬት ቆርጦ መግባት ጀመረ። እስከ ጁላይ ድረስ ማንም አላሸነፋቸውም።

የመልሱ የፍላሜንጎ ጨዋታ ጁላይ 8 ቀን በፍሉሚኔንሴ ሜዳ፣ በላራንዤይራስ ተደረገ። ይህ ስታዲየም ከአራት ዓመት በፊት ብራዚል የደቡብ አሜሪካን ሻምፒዮና ያነሳችበት ነው፤ ኡራጓይን የረታችበትን ብቸኛ ጎል ያገባው ፍሪደንራይሽ ራሱ የጀርመን ዝርያ ያለው ነጭ አባትና የጥቁር እናት ልጅ ነበር። ያ ጎል ከተማውን ቢያስጨፍርም የክለቦቹን በር አልከፈተም። በዚያ እሁድ ደግሞ የፍላሜንጎ ደጋፊ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም ትልልቅ ክለቦች ደጋፊ ከፍላሜንጎ ጎን ቆሞ ነበር። የፍላሜንጎ ክለብ ጀልባ ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ገብተው፣ የቫስኮ ደጋፊ ድምፁን ባሰማ ቁጥር ይመቱት ነበር ተብሎ ይተረካል። ፍላሜንጎ 3 ለ 2 አሸነፈ፤ ቫስኮዎች ሦስተኛ ጎላችን ያለአግባብ ተሻረብን ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ማታ ከተማው ውስጥ የነበረው ጭፈራ የዋንጫ ያህል ነበር። ይህን ጭፈራ ሳስብ ደስታው የፍላሜንጎ ማሸነፍ ብቻ እንዳልነበረ ይገባኛል፤ የታክሲ ሹፌሩና የወደብ ወዛደሩ ወደ ቦታቸው ተመለሱ ብሎ የሚያምን ሰው ደስታ ነው።

አልተመለሱም። ኦገስት 12 ቀን ሳኦ ክሪስቶቫኦን 3 ለ 2 ረትተው የዋንጫው ባለቤት መሆናቸውን አረጋገጡ። ከ14 ጨዋታ 11 አሸንፈው፣ 2 አቻ ወጥተው፣ በአንዱ ብቻ ተሸንፈው ውድድሩን ጨረሱ። ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ባደጉበት ዓመት የሪዮ ሻምፒዮን ሆኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኔልሰን ሞንቴቪዲዮ ላይ በተደረገው የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና የብራዚልን በር ጠበቀ፤ ብራዚል ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፋ ብትመለስም፣ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ግብ ጠባቂ እሱ ነው።

ትልልቆቹ ክለቦች በሜዳ ያጡትን በጠረጴዛ ለማግኘት የተነሱት በሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1924 መጀመሪያ ፍሉሚኔንሴ፣ ፍላሜንጎ፣ ቦታፎጎ፣ አሜሪካና ባንጉ ከነባሩ ሊግ ወጥተው አሜያ የተባለ አዲስ ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ ከከተማው ባለጸጋ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅና የፍሉሚኔንሴ ትልቅ ደጋፊ የሆነው አርናልዶ ጊንሌ ነበር። መሥራቾቹ በድምፅ አሰጣጥ ከሌሎቹ የበለጠ መብት ያዙ፤ የተጫዋቾችን ሥራና የኑሮ ደረጃ የሚያጣራ ኮሚቴ ሰየሙ። ቫስኮ ልግባ ሲል የተሰጠው መልስ ከቡድኖችህ 12 ተጫዋቾችን ካሰናበትክ የሚል ነበር። ጥቁር የሚል ቃል የለበትም። ባንጉም ጥቁር ተጫዋቾቹን ይዞ በማኅበሩ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ነገሩ የዘር ነበር ወይስ የድህነት የሚለው ክርክር ዛሬም በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል አልተቋጨም። እኔ በበኩሌ ሁለቱን ለመነጠል መሞከር ራሱ አይገባኝም። ባርነት ከቀረ 36 ዓመት ባልሞላበት ከተማ ማን ድሃ፣ ማን ፊደል ያልቆጠረ ሊሆን እንደሚችል የማኅበሩ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ባንጉ ሲያሸንፍ አልኖረም፤ ስለዚህ ማንንም አላስቸገረም። ቫስኮ ያስቸገረው ስላሸነፈ ነው።

የቫስኮ ሊቀ መንበር ጆዜ አውጉስቶ ፕሬስቴስ መልሱን የጻፈው ኤፕሪል 7 ቀን 1924 ነው። ደብዳቤው አጭር ነው፤ አልተቆጣም፤ ማንንም አልሰደበም። መሥራቾቹ የያዙት መብት ለክለቡ እንደማይስማማው ከገለጸ በኋላ ወደ 12ቱ ይመጣል። የክለቡ አመራር እነዚህን ሰዎች ላለማሰናበት በአንድ ድምፅ እንደወሰነ፣ የኑሮ ደረጃቸው የተጣራበትንም መንገድ እንደማይቀበል ይናገራል። የ1923ን ዋንጫ እንድናገኝ የታገሉልንን ሰዎች ማኅበር ለመግባት ብለን መሥዋዕት ብናደርግ ለክብራችን የማይመጥን ሥራ ይሆናል ይላል። ከዚያም 12ቱ ወጣቶች መሆናቸውን፣ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ብራዚላውያን መሆናቸውን፣ ገና የተጫዋችነት ዘመናቸውን እየጀመሩ መሆናቸውን ያስረዳል፤ ስማቸውን የሚያጎድፍ ሥራም በተቀበላቸው ቤት አመራር ፈቃድ፣ በክብር ባስጠሩት ሰንደቅ ሥር እንደማይፈጸም ይገልጻል። በመጨረሻም ወደ አሜያ መግባታችንን ትተነዋል ይላል።

ቫስኮዎች መላእክት አልነበሩም። ማሸነፍ ይፈልጉ ነበር፤ ገንዘብ በድብቅ ይከፍሉ ነበር፤ ድሃ ተጫዋች የሰበሰቡትም ጥሩ ስለሚጫወት እንጂ ለጽድቅ ብለው አይደለም። ይህን የሚያነሳ ሰው እውነቱን ነው። ነገር ግን ማሸነፍ ብቻ የሚፈልግ ክለብ በዚያች ኤፕሪል የሚመርጠው መንገድ ግልጽ ነበር፤ 12ቱን አሰናብቶ፣ ከዋንጫው ጋር ወደ ባለጸጎቹ ማኅበር ገብቶ፣ የሚመጥኑ ሌሎች ተጫዋቾችን መፈለግ። ገንዘቡ ነበራቸው። ይህን አላደረጉም። ትልልቆቹ ጥለውት በሄዱት ነባር ሊግ ቀርተው በ1924 ያለ ሽንፈት ሻምፒዮን ሆኑ። ሕዝቡ ግን ተከትሏቸው ስለሄደ አሜያ በ1925 በሩን ከፈተላቸው፤ ተጫዋቾቻቸውን ይዘው ገቡ።

ትልልቆቹ ክለቦች ያነሱባቸውን፣ የራሳችሁ ብቁ ሜዳ የላችሁም የሚለውን ክስ ደግሞ በሲሚንቶ መለሱት። 10 ሺህ አዲስ አባል ለማግኘት ዘመቻ ከፈቱ፤ ሱቅ ጠባቂው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ወዛደሩ የአቅሙን አዋጣ፤ በሳኦ ክሪስቶቫኦ ሰፈር የተገዛው መሬት ላይ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሳኦ ጃኑዋሪዮ ስታዲየም ቆመ። ሞንቴቪዲዮ የሴንቴናሪዮን ስታዲየም በ1930 እስክትከፍት ድረስ በደቡብ አሜሪካ የሚበልጠው አልነበረም። ኤፕሪል 21 ቀን 1927 ሲመረቅ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዋሺንግተን ሉዊስ ተገኝተዋል፤ ሳንቶስ በምርቃቱ ጨዋታ 5 ለ 3 ረታቸው። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1940 የሠራተኞች ቀን፣ ፕሬዚዳንት ጌቱሊዮ ቫርጋስ የአገሪቱን የመጀመሪያ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ለሕዝብ ያወጁት በዚሁ ሜዳ ነው።

የፕሬስቴስን ደብዳቤ ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። 12 ሰዎች ይላል እንጂ የአንዳቸውንም ስም አይጠራም። ምናልባት ስማቸውን ከክርክር ለመጠበቅ ብሎ ይሆናል። እኔ ግን የ1923ን አሰላለፍ፣ በዚያን ዘመን ልማድ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ አምስት አጥቂ አድርጌ፣ በጨዋታው ወረቀት ላይ እንደፈረሙት አንድ በአንድ ልጽፈው እወዳለሁ፦ ኔልሰን፤ ሌይታኦ፣ ሚንጎቴ፤ ኒኮሊኖ፣ ቦላኦ፣ አርቱር፤ ፓስኮዋል፣ ቶርቴሮሊ፣ አርሊንዶ፣ ሴሲ፣ ኔግሪቶ።